የባቡር ነጂው አባት

የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ እስር ቤት በሩ ዝቅ ያለ ነበር። ጎንበስ ብዬ ስገባ የእርጥብ ገለባና የላብ ሽታ ተቀበለኝ። ለቅሶ ልደርስ መጥቼ፣ ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ነው የያዙኝ።

የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሐዲዱን በእግሬ እየተከተልኩ፣ የበሰበሰውን እንጨትና የላላውን ብሎን እያየሁ፣ የቱ ቀድሞ መጠገን እንዳለበት ለአለቆቼ እናገራለሁ። በዚያ ዓመት፣ «ከሁሉ በፊት የቆላው መታጠፊያ ይጠገን፤ ክረምቱን አይችልም» አልኩ። እነሱ መኳንንቱ የሚወርዱበትን ጣቢያ አስቀደሙ። ክረምት ገባ፤ ባቡሩ እዚያው መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ነጂውም ሞተ። «ሰክሮ ነው» ተባለ። እኔ ግን፣ ሠራተኛው በተሰበሰበበት፣ «ውሸት ነው» ብዬ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲያ በመንግሥት ላይ ሕዝብ የሚያነሣሣ ተባልኩ። ሳልያዝ ለነጂው ቤተሰብ እውነቱን ልንገር ብዬ ነበር ወደ አገሩ ወደ መርሐቤቴ የመጣሁት።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ከወዴት ነህ ልጄ?»

«ከባቡር ሥራ ነኝ አባቴ።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የኔም ልጅ ባቡር ነጂ ነበር። ሰክሮ ሰው ፈጀ አሉኝ። ልጄ ጠጅ አይቀምስም ብዬ ገዢው ደጅ ብጮህ እዚህ ከተቱኝ።»

የመጣሁት እኚህ ሰው ዘንድ ነበር።

«አልሰከረም አባቴ። ሐዲዱ ነው የተሰበረው። ልጅዎ ፍሬኑን እንደያዘ ነው የሞተው።»

«ማን አየው?»

«እኔ። ባቡሩ ሲገለበጥ ለማዳን ደርሼ እጁን ከፍሬኑ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።»

እጄን ይዘው አገላብጠው አዩት። ከዚያ፣ «ጎረቤት ፈርቶ ለቅሶ አልደረሰንም። እናቱም ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም» አሉ።

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱና ወደ እስረኞቹ ዞሩ።

«ወገኖቼ፣ ልጅ ሞቶብኛል።»

እስረኛው አንድ በአንድ ተነሣ። በመካከላችን አንድ ቄስ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸሎተ ፍትሐት ጀመሩ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ለቅሶ ላይ ነን» አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ብለው።

ዘበኛው ጥቂት ቆሞ በሩን መለሰው።

ሽማግሌው ሳይፈቱ ሞቱ። መታጠፊያው በኋላ ተጠገነ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሄጄ አላየሁትም። ዛሬ አርጅቼ ሳስበው፣ ስለ ሐዲድ ከተናገርኩት ሁሉ ሰው የሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ያም ልጃቸው ከሞተ በኋላ ነው።