ከትከሻ የተፈታ ማዕረግ

መንግሥት ሲወድቅ ሰው ሁሉ የሚያየው ቤተ መንግሥቱን ነው። እትዬ መርፌ ግን የምታየው ትከሻ ነበር። በጦር ሰፈሩ ምድር ቤት፣ ፊቱን ወደ ግንብ ባዞረ አንድ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የመኮንኖች ማዕረግ ስትሰፋና ስትፈታ ኖራለች። የንጉሠ ነገሥቱን ንስር ሰፍታ ፈትታለች፤ በቦታው የማርሻሉን ጎራዴ ሰፍታለች። ክሩ ይለወጣል እንጂ ትከሻው ያው ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚሉት ለሌላው ተረት ይሆናል፤ ለእሷ የዕለት ሥራዋ ነበር።

ከትከሻዎቹ ሁሉ አንዱን ትጠላ ነበር። ባለቤቱን ወታደሮቹ በሐሜት «ቡሽ» ይሉታል፤ ውሃው ቢሞላም ቢጎድልም እሱ ከላይ ነውና። በንጉሡ ጊዜ መቶ አለቃ፣ ከዚያ ሻምበል፣ በማርሻሉ ጊዜ ኮሎኔል። ጌታ ሲለወጥ የሚቀድመው ሰው አልነበረም።

ጥላቻዋ የጀመረው ንጉሠ ነገሥቱ አያቶቹ በጦር የሰበሰቡለትን አገር በጦር ማጣት ሲጀምር ነው። መጀመሪያ የባሕሩ ዳር ሄደ፣ ቀጥሎ ተራራው፣ በመጨረሻ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሸፈቱ። ከተማው ውስጥ ደግሞ ጫማ ሰፊዎቹ ለዘመቻው ቦት ጫማ አንሰፋም አሉ። ከወንዙ ማዶ መጥተው በጭነት ተሸካሚነት የሚኖሩትም በገዛ ወንድሞቻችን ላይ የሚተኮስ ጥይት አንሸከምም አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው። ለቤተሰብ የተነገረው ወደ ግንባር ተላኩ ተብሎ ነው።

ከጫማ ሰፊዎቹ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው፣ እንደ ወንድምም እንደ ልጅም የምታየው፣ የክር ሰም የነካ እጁን ሳይታጠብ የትም የማይሄድ።

በማግስቱ ቡሽ ከጓደኛው ጋር ወደ ምድር ቤቱ ወረደ፤ ሻምበልነት ተሰጥቶት አዲሱን ማዕረግ ሊያሰፋ። መኮንን ሲለካ ሰፊዋን ከልብስ ማንጠልጠያ አይለይም፤ በፊቷ የማይወራ ወሬ የለም። እሷ ትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ስትወጋ እሱ ለጓደኛው ያወራል።

«ድንጋይ ማውጫው ውስጥ አሰለፍኳቸው» አለ። «አንዱ ጫማ ሰፊ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እጄ ሰም ነክቶታል፣ ልታጠብ አለኝ። በሰም እጅህ ሂድ፣ እዚያ ማንም አይጠይቅህም አልኩት።»

ሳቁ። መርፌው አውራ ጣቷ ውስጥ ገባ። እትዬ መርፌ ክሩን ቋጥራ፣ ትርፉን በጥርሷ በጥሳ፣ «ጨርሻለሁ ጌታዬ» አለች። ሻምበሉ አመስግኗት ወጣ። ለወንድሟ ደም የተሰጠውን ማዕረግ በገዛ እጇ ሰፍታ ማልበሷን አስቡት እንግዲህ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቡሽ በሳምንቱ ረስቶታል። እሷ ግን ቂሟን እንደ ውድ ጨርቅ አጥፋ አስቀመጠችው። ለማን ትናገር? ለንጉሡ ዳኛ? ማርሻሉ በመፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ ፍርድ ይኖራል ብላ ነበር፤ ቡሽ የጎራዴውን ማዕረግ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ስትሰፋለት ኖረች፤ አንገቱን በሜትር ስትለካ ልነቀው ይሆን ትል ነበር፤ በሩ ላይ ግን ሁልጊዜ አጃቢ አለ።

ማርሻሉም ቀኑ ደረሰ። ከወንዙ ማዶ የሸፈቱት ወንዙን ተሻግረው የከተማው ጫፍ ደረሱ። በዚያ ጠዋት መኮንኖቹ የደንብ ልብሳቸውን ጥለው በየአጥሩ ሲዘሉ ቡሽ የምድር ቤቱን በር በርግዶ ገባ። ሹፌሩ ሻንጣውን ይዞ ጠፍቶበታል፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው።

«ማዕረጉን ፍቺልኝ፤ ይሄ ካፖርት የሲቪል ይምሰል። ቶሎ በይ እባክሽ!»

«ይቀመጡ ጌታዬ።»

የነሐስ አዝራሮቹን ነቅላ የቀንድ አዝራር ተከለች። ጎራዴዎቹን ከሁለቱም ትከሻ ፈታች፤ የክሩን ቅሪት አንድ በአንድ ለቀመች። ታዲያ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ለዓመታት ፀሐይ የበላው ጨርቅ ይነጣል፣ ማዕረግ የሸፈነው ግን እንደ አዲስ ጠቁሮ ይቀራል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ማዕረግ ስትፈታ ካፖርቱን ቀለም ውስጥ የምትነክረው፤ ጊዜ ከሌለ እንኳ የትከሻውን ጨርቅ ትለውጣለች። በምድር ቤቱ ጭላንጭል ምልክቱ አይታይም። ውጭ ፀሐይ ላይ ጎራዴው ቁልጭ ይላል።

ቀለሙ ከጎኗ ነበር፤ ጨርቅም ነበር። ካፖርቱን አራግፋ አለበሰችው።

«የሲቪል መሰልኩ?»

«ገበሬ ነው የመሰሉት» አለችው።

ሮጦ ወጣ። እሷ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ከከተማው መውጫ ድልድይ በኩል የሚተኮሰውን እያዳመጠች ዋለች። ተኩስ በሰማች ቁጥር እሱ ይሁን ትላለች። እንዲህ ዓይነት ጸሎት አይጸለይም የሚል ካለ ወንድሙ ያልሞተበት ነው።

ሁለት ሳምንት በሰላም አደረች። አዲሶቹ ገዢዎች ችቦ የተጠለፈበት ማዕረግ አምጥተውላት እሱን ስትሰፋ፣ በሩ ተከፈተና ቡሽ ገባ። ያው ካፖርት ትከሻው ላይ ነው። ሁለት ታጣቂዎች ተከትለውታል፤ አንዱ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ጎልማሳ ነው።

«እትዬ መርፌ! ባንቺ እጅ ተረፍኩ እኮ!» አለና ሊያቅፋት ተጠጋ። «ድልድዩ ላይ ልብስ ለውጦ የሚሸሸውን ተራ ወታደር እዚያው ይረሽኑታል። እኔም ተራዬ ደርሶ ፀሐዩ ላይ ስቆም ይህ ጎራዴ ታያቸዋ! ባለማዕረግ ነው፣ ለአለቃ ይቅረብ አሉ። አለቃቸው ደግሞ የጠረፉን ጦርነት የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ነበር። አማካሪ አድርገውኛል፤ በይ ችቦዋን ትከሻዬ ላይ አስቀምጪልኝ።»

እትዬ መርፌ ያጠመደችለት ወጥመድ ከሞት አውጥቶ ሾመው። ካፖርቱን ቀለም ብትነክርለት ኖሮ ዛሬ አፈር ነበር።

ቡሽ ካፖርቱን እንደለበሰ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ለእነዚህ ወንድሞቼ ነግሬያቸዋለሁ» አለ ወደ ታጣቂዎቹ እያየ። «በንጉሡ ጊዜ ስንቅ ክፍል ነበርኩ፤ ሰው ላይ ቃታ ስቤ አላውቅም።»

ያኔ ነው አንድ ነገር የተበጠሰባት። መርፌዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ዋሽተሃል» አለችው።

በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም። ቡሽ ያልሰማ መሰለ።

«ምን አልሽ?»

«ዋሽተሃል አልኩህ! ጎራዴውን የተውኩት እንዲገድሉህ ነበር። ጫማ ሰፊዎቹንና ተሸካሚዎቹን ድንጋይ ማውጫው ውስጥ የጨረስካቸው አንተ ነህ። በማግስቱ እዚሁ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለህ ስትስቅ፣ ሻምበልነትህን የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። በሰም እጅህ ሂድ ያልከው ወንድሜ ነው!»

«አብዳለች!» ቡሽ ሊስቅ ሞከረ። «አሮጊት ናት፣ ተዋት…»

ባለጢሙ ወደ እሷ ቀረበ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«እናቴ፣ ተሸካሚዎቹን ነው ያልሽው? ከወንዙ ማዶ የመጡትን?»

«እነሱን ነው ልጄ።»

«አባቴ ከእነሱ ጋር ነበር። ግንባር ሞተ ነው ያሉን።»

«ግንባር አልደረሱም።»

ሰውዬው ሌላ አልጠየቃትም። ጓደኛውን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ያም ሄዶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ቡሽ ከበርጩማው ሊነሳ ሲል ባለጢሙ ትከሻው ላይ፣ ጠቁሮ በቀረው ጎራዴ ላይ እጁን ጭኖ መልሶ አስቀመጠው። ቡሽ እሷን አያት። ላብ ፊቱን አጥቦታል።

«እትዬ መርፌ፣ በእናትሽ! አንድ ነገር በይ እንጂ!»

አላዘነችለትም። ለምን ታዝን? ጎንበስ ብላ የቀንድ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ፈታችለትና ደም እንዳይነካው ካፖርቱን አወለቀችው።