የሚስበው ወናፍ

ፓምፕ ጠጋኙ ጡረታ ከወጣ በኋላ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። የቤቱን ቧንቧ ጠገነ። የጎረቤቱንም ጠገነ። የሚጠገን ሲያጣ ወደ ውዳቂ ብረት ነጋዴው ግቢ ሄዶ፣ ያረጀ ፓምፕ ሰጥቶ የዛገ መስፍ ይዞ መጣ። መስፉ ላይ ብረት ይቀጠቀጣል፤ ቢያንስ ድሮ ይቀጠቀጥበት ነበር። ቀጥሎ ብረት ነክሶ የሚይዝ፣ አልላወስ ያለ ሞርሳ መጣ፤ ከዚያ አፉ የተወላገደ ጉጠት፤ በመጨረሻ ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ የተሰነጣጠቀ የእሳት ማናፈሻ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሚስቱ።

«ወናፍ ነው።»

«ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ወናፍ አልበቃ ብሎ?»

ቢሆንም ጓሮ ያለችውን የልብስ ማጠቢያ ክፍሏን ለቀቀችለት። በነጻ ግን አይደለም። የግቢው በር የላይኛው ማጠፊያ ከተበጠሰ ወዲህ በሽቦ ታስሮ ነው የሚውለው። የሚገባ ሰው በትከሻው ደግፎ ያነሳዋል።

«ማጠፊያውን አንተው ቀጥቅጠህ ሥራ» አለችው። «ቅዳሜ በሩ በአንድ ጣት ካልተከፈተልኝ፣ ነጋዴው ጋሪውን ይዞ ይመጣና ሁሉንም ይጭናል። ክፍሌንም እረከባለሁ።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«የፊታችን። ነግሬዋለሁ።»

ሰውየው ነገር ዓለሙን ትቶ ሥራው ላይ ተደፋ። ሞርሳውን ናፍጣ እያጠጣ፣ እየነቀነቀ፣ እየተሳደበ አላቀቀው። የመስፉን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ በመዶሻ ቢነካው እንደ ደወል ጮኸ። ወናፉን ከተጣለ ሶፋ የገፈፈውን ቆዳ አለበሰው። አየር የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን የቆዳ ምላስ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ሰፋ። እንዲህ ያለ ምላስ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፋ ኖሯል፤ ምን ይጠይቃል?

ቅዳሜ ጠዋት ነጋዴው ጋሪውን ደጅ አቁሞ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። በያጅ የሆነው የሚስቱ ወንድም የብየዳ ማሽኑን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ አትድከም። እኔ በአንድ ኤሌክትሮድ እገላግልሃለሁ።»

«ማሽንህ ላይ ተቀመጥና ተመልከት።»

ከሰሉን አቀጣጠለ። ወናፉን ነፋ። እሳቱ ደከመ። ባሰበት ቁጥር ጠንክሮ ነፋ፤ ባሰበት። ከወናፉ ኋላ ቡፍ ብሎ የወጣው ጭስና አመድ ፊቱን አለበሰው።

«ወናፉ ሲጋራ ጀመረ!» ብሎ በያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ነጋዴው ተነሣ። «እናቴ፣ ልጫን?»

ሚስቱ ግን ወደ እሳቱ ቀረበች። ጎንበስ ብላ ወናፉን ታያለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር እየነፋ ነው እየሳበ?»

ወናፉን ገልብጦ አየው። ምላሶቹን የሰፋው እንደ ፓምፕ ነበር! ከጉድጓድ ውሃ ሲስብ የኖረ እጅ፣ ወናፉንም እሳቱን እንዲስብ አድርጎ ሰፍቶታል። ሳቁ መጣ። ከበያጁም በላይ ሳቀ።

«እናቴ፣ ልጫን ወይ?»

«ቆይ አልኩህ!» አለች፤ ገና ምንም ሳትለው።

ስፌቱን ተረተረ፣ ምላሶቹን ገለበጠ፣ መልሶ ሰፋ። ክሩን የያዘችለት እሷ ናት። ወናፉ አንዴ ሲተነፍስ ከሰሉ ፏ አለ። ሁለተኛ ሲተነፍስ በያጁ ማሽኑን ወደ ኋላ ሳበ።

ማጠፊያ የሚሆነው ጠፍጣፋ ብረት እሳቱ ውስጥ ቀላ፤ ከዚያም ብርቱካን መሰለ። በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ አጋደመው። መዶሻው ሲያርፍ ብረቱ እሺ አለ። ጫፉ ተጠቀለለ፣ ማጠፊያው የሚዞርበትን ዘንግ ዋጠ። ውሃ ውስጥ ሲገባ የወጣው ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ አጥር ላይ አንጠለጠለ።

ማጠፊያውን በሩ ላይ ገጠመ፤ ሽቦውን ፈትቶ ጣለ። ሚስቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ትንሿን ጣቷን ዘረጋች። በሩ ተከፈተ። ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው። አሁንም ደገመች፤ ምንም ምክንያት አልነበራትም።

በያጁ ማሽኑን አንሥቶ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ የእኔም ቤት በር እኮ…»

«ተሰለፍ።»

ነጋዴው ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሊሄድ ሲል ወደ ሚስትየዋ ዞረ።

«ታዲያ ወናፉን እንኳ አልወስድም?»

አመድ የለበሰ ባሏን አየች፤ ጓሮ የተቀመጠውንም ወናፍ አየች።

«ሁለቱም ይቀመጡ» አለችና በሩን በአንድ ጣቷ ዘጋችው።