አምስት ከአምስት የሰጡኝ ሰዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና ነው፤ መስቀል አልፎ ጠዋት ጠዋት ብርዱ መቆንጠጥ ሲጀምር። እስከ ዛሬ የማልረሳው ስላፈርኩበት ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው «በጣም ጥሩ ነው» ሲለኝ አላምንም። ቤቴ መጥቶ ምግቤን «ይጣፍጣል» የሚለኝን እንግዳ እንኳ ዓይን ዓይኑን ነው የማየው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ቦሌ መንገድ ላይ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ቢሮው ሲዘጋ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ባል የለ፣ ልጅ የለ። ሀዋሳ ያሉት ቤተሰቦቼ «ነይና ከወንድምሽ ጋር ሱቅ ሥሪ» ይሉኛል። ወንድሜ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ግን አንድ ሳምንት አብሬው ሱቅ ውስጥ ከዋልኩ ከሁለታችን አንዳችን ፖሊስ ጣቢያ ነን።

በዚህ መሀል ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «የሆሊስቲክ ማሳጅ ባለሙያ ይሁኑ፤ አእምሮን፣ አካልንና መንፈስን በእጅዎ ያድሱ» ይላል። እጆቼን አየኋቸው። ትልልቅ ናቸው፤ እናቴ በልጅነቴ «የወንድ እጅ» ትላቸው ነበር። በቃ፣ ጥሪዬ ገባኝ። ለአባቴ ደወልኩና «በስድስት ወር ውስጥ ባለሙያ ካልሆንኩ ራሴ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ» አልኩት። አባቴ የሰው ቃል የሚረሳ ሰው አይደለም። ቀኑን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር በቀይ እስክሪብቶ ከበበው። ወንድሜ ደግሞ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።

ስልጠናው ቦሌ፣ አንድ የገበያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዘጠኝ ሰልጣኞች ነን። አሰልጣኛችን ሲስተር አልማዝ የድሮ ነርስ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። «የሰውየውን ሰውነት አዳምጡ፤ ግፊቱ እንዴት እንደሆነም ጠይቁ» ይሉናል በየቀኑ። እኔ መጠየቁን ያዝኩ፤ ማዳመጡን ለሌሎች ተውኩት።

ሁለተኛው ወር ላይ አበድኩ። ነጭ ጋውኔን ተኩሼ፣ ለብሼ፣ ፎቶ ተነስቼ ፕሮፋይሌ ላይ ለጠፍኩ። ሰርግ ቤት የማላውቀውን ሰውዬ ትከሻ ነካ አድርጌ «እዚህ ጋ ብዙ ጭንቀት ይዘዋል» አልኩት። ሰውዬው የሙሽራዋ አባት ነበር፤ ምን ይዞ ሊገኝ ኖሯል? ወጌሻ የሚባል ነገር ከተነሳ ደግሞ አያድርስ ነው። «ሳይንስ የሌለው ነገር! በቅቤ ሰው መጨፍለቅ!» እያልኩ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ሌክቸር እሰጥ ነበር።

ለመመረቅ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው አስር የተለያዩ ሰዎችን አሽቶ ፎርም ማስሞላት ነው፤ የታሸው ሰው ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ሰጥቶ ይፈርማል። ሁለተኛው የመጨረሻው ቀን ከሰዎቹ አንዱን ይዞ መጥቶ ሲስተር አልማዝ ፊት መፈተን። ከመሀላችን ሁለቱን አንድ የቦሌ ሆቴል እንደሚቀጥርም ተነግሮናል። ሁለተኛዋን አላውቅም እንጂ አንደኛዋ ማን እንደሆነች ለእኔ ግልጽ ነበር።

የምኖረው ሲኤምሲ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። የማሳጅ አልጋ ስለሌለኝ ሁለት ጠረጴዛ ገጥሜ ፍራሽ አነጠፍኩበት። የመጀመሪያዋ ሰው አከራዬ እትዬ ዘይነባ ሆኑ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ ለድመት እንኳ ክፉ ቃል የማይወጣቸው። ግራ ትከሻቸውን በአውራ ጣቴ ጀመርኩት፤ አልበቃ ሲለኝ በክርኔ ገባሁበት።

«እትዬ፣ ግፊቱ እንዴት ነው?»

«ማሻአላህ! በጣም ጥሩ ነው የኔ ዓለም። እጅሽ ይባረክ።»

ድምፃቸው ትንሽ ቀጠን ብሎ ነበር። ተመቻቸው ብዬ ጨመርኩበት። አምስት ከአምስት ሰጥተው ፈረሙልኝ።

ቀጥሎ የግቢያችን ጥበቃ ጋሽ ወርቁ ተኙልኝ። አንገታቸውን ሳዞረው ቀጭ አለ። «እንዴት ነው ጋሼ?» ስላቸው፣ «ኧረ ግሩም ነው! ወታደር ቤት እያለሁ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም» አሉኝ። ሙገሳ መሰለኝ። አምስት።

ከዚያ ሰላም መጣች፤ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ አብረን የምንዘምር ጓደኛዬ ናት። ጀርባዋን ከያዝኩት አስር ደቂቃ ሳይሞላ እንባዋ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ሲስተር አልማዝ የታመቀ ስሜት አንዳንዴ በእንባ ሊወጣ ይችላል ብለውን ነበርና ልቤ በደስታ ዘለለች። ይኸው፣ በእኔ እጅ! «አውጪው ሰሊ፣ አትያዢው፤ የቆየ ቁስል ነው» እያልኩ እዚያው ቦታ ላይ ተጫንኩ። እሷም ምስኪን አወጣችው። አምስት ከአምስት ሰጥታኝ፣ «ጌታ ይባርክሽ» ብላኝ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

አስሩም ሰዎች አምስት ሰጡኝ። ፎርሞቹን ሳስረክብ ሲስተር አልማዝ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «አስሩም?» አሉ። «አስሩም» አልኩ፣ ትሑት ለመምሰል መሬት መሬት እያየሁ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ግን የቀኝ አውራ ጣቴ አበጠ። ለካ ስጫን የከረምኩት የሰውን ሥጋ ብቻ ሳይሆን የራሴንም ጣት ነው። በረዶ ያዝኩበት፣ ቅባት ቀባሁት፤ እስክሪብቶ መያዝ እንኳ አቃተኝ። ያ በቀይ የተከበበ ቀን ዓይኔ ላይ መጣ። ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲስቅም ታየኝ።

ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ እማማ ድንቄ የሚባሉ ወጌሻ እንዳሉ የታክሲ ተራ አስከባሪዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ያን ሁሉ ሌክቸር ሰጥቼ! ግን ጣት ከሌለ ፈተና የለም። ሻርፕ ተከናንቤ፣ ማስክ አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ያየኝ ሰው የሆነ ነገር ሰርቃ የምትሸሽ ነው የሚለው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል። ከመጋረጃው ወዲህ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ጫፉ ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ አንገታቸውን በፎጣ የጠቀለሉ ሰውዬ አሉ። በጎን አየት አደረግኳቸው። ጋሽ ወርቁ! እሳቸው አላዩኝም፤ አንገታቸው አይዞርማ።

ልነሳ ስል ከመጋረጃው ወዲያ የእማማ ድንቄ ድምፅ መጣ። እየተቆጡ ነው። «ምን ጉድ ነው ግን? ባለፈው ቅዳሜ ዘማሪ ነኝ የምትል ልጅ፣ ዛሬ ደጅ ላይ ያሉት ዘበኛ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ። ሁላችሁም ከሲኤምሲ! ምን የሚሉት መኪና ነው የሚገጫችሁ?»

«መኪና አይደለም እማማ፤ ልጅ ናት። ትማራለች።» የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ነው።

«ታዲያ አመመኝ አይሏትም?»

«ምን ብዬ! ‹እንዴት ነው?› ስትለኝ ፊቷን ቢያዩት። ሥራዋ ከተዘጋ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ቤተሰቦቿ ሩቅ ናቸው፤ እዚህ ማን አላት? ከነገ ወዲያ ፈተናዋ ነው፤ የምተኛላትም እኔ ነኝ። እስከዚያ ይቺን ትከሻዬን ብቻ ያድርሱልኝ፤ ስትነካኝ ጮኼ እንዳላዋርዳት።»

ምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ። የኔው ደግሞ ምንም የቆየ ቁስል አልነበረም፤ ትኩስ ሀፍረት ነው። ማስኬ ውስጥ ስነፋረቅ ጋሽ ወርቁ መላ ሰውነታቸውን አዙረው አዩኝና «ሰብለ?!» ብለው ተነሱ። ደንግጠው ፎጣውን ከአንገታቸው ለመፍታት ታገሉ። «እኔ እንኳ ሰው ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ።

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ዘይነባ ሲያዩኝ «ያረቢ!» ብለው አፋቸውን ያዙ፤ ወዲያው ግን እኔን ማባበል ጀመሩ። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ በእንቅልፌ ተጣምሜበት ነው እኮ!» እማማ ድንቄ ያበጠውን ጣቴን አዩ፣ የእትዬን ትከሻ አዩ፣ የጋሽ ወርቁን አንገት አዩ።

«እህ» አሉ። «መኪናዋ መጣች።»

አስቀምጠው፣ ጫማዬን አስወልቀው እጄን ያዙት። ልጮህ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮህኩም። እጃቸው እየነካኝ መሆኑን እስክጠራጠር ድረስ ቀስ ይላል፤ ሲያመኝ ቆም ይላል፣ ሲለቀኝ ይቀጥላል። አንዴም «እንዴት ነው?» አላሉኝም። የሚያዩት እግሬን ነበር። «የኛን ሰው አፉን ብትጠይቂ ምን ይነግርሻል?» አሉኝ። «እንዳይከፋሽ ብሎ ይሞታል እንጂ። የእግሩን ጣት እዪ፤ ሲያመው ያጥፈዋል።» ስድስት ወር ሙሉ ሲስተር «አዳምጡ» ያሉት ይህንኑ ነበር። እኔ በጆሮ መስሎኝ።

ከዚያ በግራ እጄ የእትዬን ቀኝ ትከሻ አስያዙኝና እግራቸውን እንዳይ አዘዙኝ። ትንሽ ጫን አልኩ። ካልሲው ውስጥ ጣቶቻቸው እጥፍ አሉ። «ያማል?» አልኳቸው። «ኧረ ደህና ነው።»

«ወላሂ ይበሉ!» አሉ እማማ ድንቄ።

እትዬ ዘይነባ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። በሐሰት መማል አይሆንላቸውም። «ወላሂ... ያማል» አሉ በቀጭኑ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! የታመቀው ሁሉ ወጣ፦ ክርኔ፣ አውራ ጣቴ፣ የቅባቱ ቅዝቃዜ። «ደሞ ስታሺ ታዜሚያለሽ» አሉኝ በመጨረሻ፤ «እሱም ቢቀር ጥሩ ነው።» ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን ይዘው ሳቁ።

የፈተናው ቀን ጣቴ ደህና ነበር። እትዬ ዘይነባ አዲስ ሻርፕ ለብሰው አብረውኝ መጡ። አልጋው ላይ ሲተኙ ሲስተር አልማዝ ደብተራቸውን ይዘው ከራስጌ ቆሙ። እጄ ግን በፍርሃት ጠነከረ። ሲስተር ጠጋ ብለው «እናቴ፣ ግፊቱ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«በጣም ጥሩ ነው!» አሉ እትዬ፣ ያው እንደ ለመዱት።

እግራቸውን አየሁ። ጣቶቻቸው እጥፍጥፍ ብለዋል።

ያችን ደቂቃ አልረሳትም። ዝም ብል አልፋለሁ። አስር ፎርም አለኝ፣ ሁሉም አምስት፤ ሆቴሉም አለ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ቀጥታ ሀዋሳ ነው። እጄን አነሳሁ። «ሲስተር፣ አልተመቻቸውም። እየዋሹልኝ ነው» አልኩ። አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የላምበረቱንም ዘረገፍኩት። «ፎርሞቹም ውሸት ናቸው፤ አስሩም።»

እትዬ ዘይነባ ቀና ብለው «ኧረ ምን ነካሽ ልጄ! ተመችቶኛል፣ ወላ...» አሉና መሐላውን መልሰው ዋጡት።

ሲስተር አልማዝ አልጋውን በእጃቸው አመለከቱኝ። «ቀጥይ» አሉ። ቀስ ብዬ፣ እግር እግራቸውን እያየሁ ቀጠልኩ። ስጨርስ እትዬ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ያንኮራፋሉ። ሲስተር ፎርሞቹን በሙሉ መለሱልኝ። «ፈተናውን አልፈሻል። ሰርተፊኬቱን የምሰጥሽ ግን እውነቱን የሚነግሩሽ አስር ሰዎች ስታመጪ ነው።»

ሆቴሉ ሌሎች ሁለት ልጆች ወሰደ። እኔም ለአባቴ ደውዬ ቃሌን እንዳልጠበቅኩ፣ ሻንጣዬን እንደማዘጋጅ ነገርኩት። ለምን ሲለኝ ሁሉንም አወራሁለት። ጋሽ ወርቁ ጋ ስደርስ ስልኩ ውስጥ ሳል በሳል ሆነ፤ እየሳቀ ነው። «እውነቱን መናገርሽን ያዝኩልሽ» አለኝ። «ሌላ ቀን ልክበብልሽ፣ ተይ አትምጪ።» አዲስ አበባ ውስጥ «ያማል» የሚሉ አስር ሰዎች ማግኘት ግን ከስልጠናው በላይ ጊዜ ፈጀብኝ።

ዛሬ ገርጂ፣ ከአንድ የውበት ሳሎን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ሲመጣልኝ መጀመሪያ ካልሲውን አስወልቃለሁ። አንዳንዴ በሥራ መሀል ያ ሁሉ ትዝ ይለኝና እጄ ይቆማል። እነዚያ ሰዎች እኔ እንድስቅ ብለው ትከሻቸውንና አንገታቸውን ሰጡኝ፤ እኔ ደግሞ የእጄ ሙያ መሰለኝ። ሳስበው አፍራለሁ፤ እንዴት እንደሚወዱኝ ሳስብ ደግሞ ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ሐሙስ እትዬ ዘይነባ ገርጂ ድረስ መጡልኝ። ካልሲያቸውን አውልቀው ተኙና፣ «ያማል! ኧረ ያማል ልጄ፣ ቀስ!» ብለው ጮኹ። እኔ ገና እጄን እየታጠብኩ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።