በሱቁ መስታወት ላይ የተለጠፈው ካርድ

ባለቤቴ የባንክ ካርዷን የጣለችው ለዓይን ሕክምና ወደ ውጭ አገር ልትበር አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ከሳሪስ በሚኒባስ ስትመለስ፣ ለረዳቱ ለመክፈል ቦርሳዋን ስትዳብስ ሳይወድቅባት አልቀረም። ሐኪም ቤቱ የሚከፈለው በዚያ ካርድ ነበር፤ ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ የግራ ዓይኗ እንደማይጠብቅ ተነግሮናል።

«ባንኩ ጋ ደውልና አዘጋው» አለችኝ።

«የትኛው ባንክ ነው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የባንኩ ደረጃ ብዙ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያየሁት ነገር የለም።»

ካርዱን ያወጣችላት ልጃችን ነበረች። እርሷ ግን ሐኪም ቤቱን ለማመቻቸት በዚያው ጠዋት ቀድማ ተሳፍራለች፤ የባንኩ መልእክትም የሚደርሰው በእርሷ ስልክ ነው፤ እርሱም ዝግ ነው። እኔ የማስታውሰው በካርዱ ማዕዘን ላይ ያለውን ትልቅ ምልክት ብቻ ነበር። ያንኑ ምልክት ቃሊቲ በአንድ ባንክ የገንዘብ ማሽን ላይ ተለጥፎ ሳየው፣ አገኘሁት ብዬ ገባሁ።

«አባባ፣ ይሄ ምልክት እኛም ጋ አለ፣ ጎረቤታችንም ጋ አለ» አለችኝ ሠራተኛዋ። «ክፍያውን የሚያገናኘው ድርጅት ምልክት ነው እንጂ የባንክ አይደለም። እርስዎ ካርዱን ያወጣውን ባንክ ነው ማግኘት ያለብዎት።»

«በምን ይለያል?»

«ስሙ ካርዱ ላይ አለ። የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ቢያስታውሱም ባንኩን ያመለክታሉ።»

«ካርዱ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?» አልኩ። ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር ከተውኩ ዓመታት አልፈዋልና፣ ወረፋ የያዙት ሲዞሩ በድምፄ እኔው ደነገጥኩ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት የብራና መጻሕፍትን በመመርመር ነው። መጽሐፉን ማን እንደጻፈው ለማወቅ በሐረግ ያጌጠውን የፊት ገጽ አምኜ አላውቅም፤ ጸሐፊው ስሙን የሚተወው መጨረሻው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ያ ካርድ ግን ጠረጴዛችን ላይ ሲከርም አንድ ጊዜ እንኳ ገልብጬ አላየሁትም። ጌጡን አይቼ ባለቤቱን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

ከባንኩ ስወጣ ባለቤቴ ደወለች። «ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራው ላይ ያለውን ሱቅ ጠይቀሃል?»

በእኛ ሰፈር ረዳቶች ወንበር ላይ ያገኙትን ለዚያ ሱቅ ይሰጣሉ፤ ባለሱቁም ባለቤቱ እስኪመጣ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል።

«የባንክ ካርድ እንደ መታወቂያ ይለጠፋል እንዴ?»

«ረዳቱ ምን ለይቶት!»

ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ መንገዱ ግን በከባድ መኪና ተዘግቶ ነበር። መቀመጥ አቃተኝና ሳንደርስ ወርጄ በእግሬ ገሰገስኩ። ሱቁ ጋ ስደርስ፣ በመታወቂያዎችና በመንጃ ፈቃዶች መካከል የባለቤቴ ካርድ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተለጥፏል፤ ሙሉ ቁጥሩ ይነበባል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስልክ ይዟል። ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ መጡብኝ።

«የባለቤቴ ነው፤ እባክህ አውርደው።»

ባለሱቁ ካርዱንና እኔን አስተያየ። «ስሙ የሴት ነው አባባ። ጢም ያላት ሴት እስካሁን መጥታብኝ አታውቅም።»

ስልኬን ከፍቼ ከባለቤቴ ጋር አገናኘሁት። «ጠርዙን ዳብሰው» አለችው፤ «የሰም ጠብታ አለው። የጡረታው ካርድ የለውም፤ በጣቴ የምለያቸው እንደዚያ ነው።»

«አለ እትዬ፣ አለ!» ብሎ እየሳቀ አወረደው።

«ቁጥሩን ለምን ወደ ውጭ አደረግኸው?» አልኩት።

«ጀርባውን ብለጥፈው ባለቤቱ በምን ያውቀዋል?»

«ጀርባው ላይ የባንኩ ስልክ ይኖራል። ብትደውልላቸው እኮ ባለቤቱን እነሱ ይፈልጉት ነበር።»

«ባንክ ስደውል ዘፈን ነው የሚያሰሙኝ አባባ። መስታወቴ ግን ይኸው እርስዎን አመጣዎት።»

ገለበጥኩት። ከጥቁሩ መስመር በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ካርዱ የእገሌ ባንክ ንብረት መሆኑና የሚደወልበት ቁጥር ተጽፏል። እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ዘፈኑ ረጅም ነበር፤ ባለሱቁ አየኝና ፈገግ አለ። በመጨረሻ የተገኘው ሠራተኛ፣ ገንዘቡ እንዳልተነካ፣ ቁጥሩ አደባባይ ከዋለ ግን ካርዱ መዘጋት እንዳለበት ነገረኝ። የምታዘጋው ባለካርዷ ራሷ ናት፤ አዲሱም ጠዋት ይሰጣል፣ «ሲስተም ከሠራ»። ያቺ «ከሠራ» ቤት እስክደርስ ስትወጋኝ ቆየች።

«ካዘጋነው፣ ነገ ሲስተም የለም ቢሉንስ? ትቀሪያለሽ» አልኳት።

«ካላዘጋነው ደግሞ ሐኪሙ ፊት ባዶ ቢሆንብኝስ? ስልኩን ስጠኝ።»

ራሷ አዘጋችው።

በማግስቱ የባንኩን ደረጃ ገና መውጣት ስንጀምር «እዚሁ ነው» አለች፤ በእግሯ አወቀችው። ሲስተም አልነበረም። መስኮቱና በሩ መካከል ስመላለስ ጥበቃው «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ወለሉን ጨረሱት» አለኝ። ከረፋዱ በኋላ አዲሱን ካርድ ሰጡን። ከሁሉ በፊት ገልብጬ የባንኩን ስምና የስልኩን ቁጥር አነበብኩላት፤ በቃሏ እስክትይዘው አስደገምኳት።

ቤት እንደገባን «አሁን ጧፉን ለኩስልኝ» አለች። ጠርዙ ላይ አንድ ጠብታ አደረግሁላት። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳት መኪና በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ሰሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ እፍ እያለችበት ወጣች።