ወንድሜ ገባ ያልኩበት ሰዓት

እናቴ ከቤታችን አንድ ሰው መንገድ ከወጣ፣ መግባቱ እስኪሰማ ድረስ እህል አትቀምስም ነበር። ወንድሜ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ለትምህርት ሲወርድ ነገሩ ቀላል ነበር። ድርቆሽ ጭነው አብረውት የወረዱት ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ "ገብቷል" ይሏታል፤ እሷም ትበላለች። ፍራንክፉርት ለሚሄድ ልጅ ግን በዚያው ቀን ተመልሶ ወሬ የሚነግር ማን አለ?

ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እኔን ጠየቀችኝ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት በተዋስኩት አትላስ ላይ ክር ዘረጋሁ። ከአዲስ አበባ አስመራ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት እንደሆነ ሰምቼ ነበር፤ ያን ያህሉ ክር እስከ ፍራንክፉርት ሰባት ጊዜ ተኩል ሄደ። "ዐሥራ አምስት ሰዓት" አልኳት። በየአገሩ ለነዳጅ የሚቆምበትን አልቆጠርኩም።

እናቴ ከሁለት ወር ሕመም ገና መነሣቷ ነበር።

ወንድሜ በሚሄድበት ዕለት ጠዋት ከሣር አጫጆቹ ጋር ሜዳው ላይ ቆመን ጠበቅን። ጤዛው እግራችንን አራሰው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አውሮፕላኑ ከእንጦጦ በላይ ብቅ አለ፤ ትንሽ ነበር፣ ድምፁም ዘግይቶ ከኋላው ይመጣል። ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ሄዶ ሰማዩ ውስጥ ሟሟ።

ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው ገበሬ፣ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ "አንቺ ተማሪ፣ እኔ ይህን ሜዳ አጭጄ ስጨርስ ልጁ የት ይደርሳል?" አሉኝ።

"ባሕር ላይ፣ ኦቦ።"

"እንግዲያው መጨረሱ ይቅርብኝ። የሰው ልጅ ባሕር ላይ ላቆም ነው?"

አጫጆቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

ቀኑን ሙሉ ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ዋልኩ። አሁን በረሃውን ያልፋል፣ አሁን ዓባይ ባሕር የሚገባበት ደረሰ እያልኩ። የታጨደው ሣር ሽታ በበሩ ይገባል። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ቤታችን ራሱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቴ ከመደቡ ተነሣችና ግድግዳውን ያዘች። ከንፈሯ ነጥቷል።

"ስንት ቀረው?"

በእኔ ስሌት ገና አምስት ሰዓት ይቀረው ነበር።

"ገባ፣ እማ። አሁን ገባ።"

"ዐሥራ አምስት አላልሽም?"

"ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ይቀንሳል።"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ እጇን ታጠበች፤ በላች።

ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነበብኩላት። አየሩ ከፍቶ አቴንስ አድረዋል። ፍራንክፉርት የገባው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። እኔ ግን "በደህና ገባሁ" ካልኳት በኋላ ያንን ዘልዬ ወደ ሰላምታው አለፍኩ።

"ሌላ የለውም?"

"የለውም።"

ተቀብላኝ አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዘገየች። መሪጌታው ጋ ጎራ ብላ ኖሯል። ራት ላይ ቀና ሳትል፣ "አቴንስ ይበርዳል አሉ" አለች።

ከዓመታት በኋላ እኔም ለሥራ አስመራ ተመደብኩ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ላስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር። የጠየቀችው ግን መሪጌታውን ነው።