እናቴ ካርቱም የመጣች ቀን

እናቴን ካርቱም ድረስ ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበረኝ ከወጣሁ መመለስ አልችልም፤ ከተለያየን ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። አውሮፕላን ተሳፍራ ስለማታውቅ ፈራች።

«ሁለት ሰዓት እንኳን አይሞላም እኮ እማዬ። ትንሽ ሸለብ ሲያደርግሽ ደርሰሻል» አልኳት። እኔ በመተማ በኩል፣ በጭነት መኪናም በእግርም ስመጣ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አልነገርኳትም።

የምትመጣበት ቀን የተቃውሞ ሰልፍ ቀን ሆኖ አረፈው። በእንዲህ ያለ ቀን ስልክ ስለሚቋረጥ፣ ቅሪ ልላት አልቻልኩም። ከምኖርበት ጀብራ በማለዳ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ አየር ማረፊያው በረክሻ፣ በእኛ በባጃጅ፣ አጭር መንገድ ነው። ያን ቀን ግን ወጣቶቹ መንገዱን በድንጋይና በሚነድ ጎማ ዘግተውታል። ባለረክሻው የመጀመሪያው የድንጋይ ክምር ጋ ሲደርስ፣ «ኸላስ፣ ከዚህ በኋላ በእግርህ ነው» ብሎ አወረደኝ።

ሮጥኩ። የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ይሄ ይሆን? ዋናው መንገድ ላይ ወታደሮች መለሱኝ። በውስጥ ለውስጥ ስዞር አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰና ከሚሸሹት ጋር አንድ ግቢ ገባሁ። የቤቱ እመቤት ኮምጣጤ የነካ ጨርቅ ሰጥታኝ ተቀመጥ አለችኝ።

«እናቴ አየር ማረፊያ እየጠበቀችኝ ነው። አረብኛ አታውቅም» አልኳት።

ወዲያው በጓሮ በር አስወጣችኝ።

ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ደጁ ላይ ሰውና ሻንጣ ተደባልቋል። «እማዬ!» እያልኩ በአጥሩ ጥግ ተመላለስኩ። ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ እንደሷው ልጇን የምትጠብቅ ሱዳናዊት አሮጊት አለች፤ እሷ በአረብኛ፣ እናቴ በአማርኛ እያወሩ ቴምር ይበላሉ።

እናቴ ብድግ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «ከአዲስ አበባ የመጣሁት እኔ፣ የዘገየኸው አንተ!»

ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ።

ወደ ጀብራ የሚወስደን አጣን። የአሮጊቷ ልጅ ሪያድ ከሚባለው የካርቱም ሰፈር በእግሯ መጥታ እናቷን ስታነሣ፣ እኛንም «ያላ፣ ቤታችን ቅርብ ነው» አለችን። እናቴ ምን አለች ብላ እንኳን አልጠየቀችኝም፤ ተከተለቻቸው። እዚያው አደርን፤ በማግስቱ መንገዱ ትንሽ ከፈት ሲል ጀብራ ገባን።

አንድ ወር ልትቆይ ነበር ሐሳቧ። አየር ማረፊያው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲበዛብኝ ግን እኔው ራሴ አጣድፌ መለስኳት። አብራኝ በነበረች ጊዜ በር በተንኳኳ ቁጥር ለእሷ ፈርቼ እደነግጥ ነበር፤ ከሄደች በኋላ ደግሞ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። አዲስ አበባ ገብታ ስትደውል መንገድ ለመንገድ እየዞርኩ ነበር።

«በሰላም ገባሁ» አለችኝ። «አሁን ተራው ያንተ ነው፤ ና።»

«ኢንሻአላህ» አልኳት፤ ወዴት እንደምሄድ ባላውቅም መራመዴን ግን አላቆምኩም።