ኩልፎን ለመሻገር ስንት ይበቃል?

ልጅ ሳለሁ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤታችን መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ያኔ አባባ ዳና ተረት ይጀምሩልናላ! አባባ ዳና የአባቴ አጎት ናቸው። ደጋው ኦቾሎ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸምኑ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም እኛ ዘንድ ወረዱ። ኩራዟ ትጨሳለች፣ ፍሙ ላይ በቆሎ ይጠበሳል፣ እኔና ታናሽ እህቴ ምሕረት እግራቸው ሥር ተሻምተን እንቀመጣለን።

የእሳቸው ተረት ዝም ብሎ የሚሰማ አልነበረም። ገደል የምንወጣው፣ ከዓባያ ሐይቅ አዞ የምናመልጠው እኛው ነን። የሚሳካልን መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ደግሞ አምስት የነጭ በቆሎ ፍሬዎች ነበሩ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር ዳይስ የሚባለውን ባለ ነጥብ መወርወሪያ የቁማር ነገር ነው ብሎ ከቤት አባሮታል፤ አባባ ዳና ግን የፍሬዎቹን አንድ አንድ ጎን ፍም ላይ አስነክተው አጠቆሩና ዘዴ ፈጠሩለት። ከመወርወራችን በፊት «ለዚህ ሦስት ጥቁር ያስፈልጋል» ይላሉ። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ጥቁር ከታየ ተሳካልህ፣ ካልታየ አለቀልህ። አንዴ የተናገሩትን ቁጥር ለልመናም ለለቅሶም አይቀንሱም።

ምሕረት ግን አይቀናትም። ያን ሰሞን በየምሽቱ ትሞታለች፤ አንዴ ገደል ገብታ፣ አንዴ አዞ በልቷት። እኔም «ዛሬስ ማን ይብላሽ?» እያልኩ አበሽቃታለሁ።

አንድ ምሽት ተረቱ የሰፈራችን ወንዝ ኩልፎ ዳር አደረሰን። ወንዙ ሞልቷል፣ ጥጃችን ማዶ ቀርታለች። ለእኔ «አራት» አሉኝ። ወረወርኩ፤ ሁለት ብቻ። ውሃው ወሰደኝ። ተራው የምሕረት ሲሆን ገና ፍሬዎቹን ሳትይዝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባባ ዳና ትንሽ ተመለከቷትና፣

«ላንቺ አንድ ይበቃል» አሏት።

«እንዴ! ለእኔ አራት፣ ለእሷ አንድ? ወንዙ እኮ ያው ነው!»

«ዝም በል አንተ! እሷን ወንዙ ያውቃታል።»

ሁለት ጥቁር ወጣላት። አባባ ዳና ድንጋይ በድንጋይ አሻገሯት፤ ውሃው ከጉልበቷ አላለፈም፣ ማዶ ሣሩን ይዛ ወጣች፣ ጥጃዋንም አገኘቻት። ደስታዋን ባያችሁ! ተኝታ እንኳ ፈገግታዋ አልጠፋም።

ሳምንት ሳይሞላ ደጋው ላይ ዘነበና ኩልፎ ደፍርሶ መጣ። አባቴ ማዶ ባለው የሙዝ ማሳችን ነበር፤ ምሕረት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እሱ ልትሄድ ድልድዩን ትታ በአቋራጭ ወንዙ ውስጥ ገባች። ሬሳዋ ወደ ታች ርቆ ተገኘ። ስትገባ ያያት ሙዝ የሚጭን ባለጋሪ ነበር፤ በለቀስተኛው መካከል ቆሞ እያለቀሰ ነገረን።

«‹አንቺ ልጅ፣ ተመለሺ፣ ይወስድሻል!› ብዬ ጮህኩባት። ‹እኔን ያውቀኛል› አለችኝ። ምን ማለቷ ነው? ማን ነው የሚያውቃት?»

እናቴ አልገባትም፣ አባቴም አልገባውም። አባባ ዳና ግን ወደ ባለጋሪው ዞሩ። «ምን አለች? እስቲ ድገመው» አሉት። ደገመው። እንደገና አስደገሙት። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ለቅሶው እንዳበቃ ኦቾሎ ተመለሱ፤ ዘመድ ሁሉ ሽማግሌ ሐዘን አይችልም አለ። እኔ ያወቅሁትን ለማንም አልተናገርኩም፣ ብናገርስ ማንን ይመልሳል? እሳቸውም ከዚያ በኋላ ለማንም ተረት ሳይተርኩ ሞቱ።

ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ተከራይተው ይኖራሉ። ማታ ማታ ዳይስ የሚወረወርበት የተረት ጨዋታ ይጫወታሉ፤ አንዱ ይተርካል፣ ቁጥር ይቆርጣል፣ ሌሎቹ ይሞክራሉ። አንድ ቀን ተራኪያቸው ሲታመም በእሱ ቦታ እኔን አስቀመጡኝ። አንዷ፣ ሥራ ስትፈልግ ውላ ፊቷ የጠወለገ ልጅ፣ «ገደሉን ልወጣው ነው፤ ስንት ይበቃኛል?» አለችኝ። ቁጥሩን ዝቅ ማድረጉን ፈራሁት፣ ከፍ አድርጌ ደግሞ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ይቅርታ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

በአባባ ዳና አልፈርድም። ዓይኗ እንባ ላቀረረ ልጅ ትክክለኛውን ቁጥር ለመናገር ሆዱ የሚጨክን ስንቱ ነው? አዘኑላት፤ የጎዳንም ማዘናቸው ነው። ግን ያን ምሽት ለእሷም «አራት» ቢሏት ኖሮ፣ እኔም እስቅባት ነበር፣ እሷም አልቅሳ ትተኛ ነበር። ጠዋትም ትነሳ ነበር።